ደብዳቤ አንባቢው

ካራቆሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ አጣዬ ታልፋ ከሚሴ ሳይደረስ የምትገኝ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። መንገደኛው ብዙውን ጊዜ በአውቶቡስ መስኮት አይቷት ያልፋል። በሊቃውንት መጻሕፍት ውስጥ ግን ስሟ ተጽፎ የሚገኘው በሌላ ምክንያት ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ አካባቢውን ያናወጠው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ በእርሷ ስም ይጠራል። ጎረቤታችን ማጀቴ በዚያ ነውጥ ፈርሳለች፤ የደሴው መንገድም ተሰነጣጥቋል። እናቴ ዘመን የምትቆጥረው በዚህ ነበር። እገሌ የተወለደው ምድር ከመንቀጥቀጧ በፊት ነው፣ እገሊት የተዳረችው ምድር ከተንቀጠቀጠች በሁለተኛው ዓመት ነው ትል ነበር።

ካደግሁና መምህር ከሆንኩ በኋላ፣ ያ ነውጥ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መሣሪያዎች ላይ ተመዝግቦ እንደነበረ፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዋንም እንዳጠኑት አነበብኩ። አንድ ምሽት ለእናቴ ነገርኳት። በጣም ተገረመች። «እኛ ጓዳ ያለው ድስት ሲንቀጠቀጥ እነርሱ እዚያ ሆነው ዐወቁት ማለት ነው?» አለችኝ። አዎን አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ያወቁትንስ ምን አደረጉት?» ስትል ጠየቀችኝ። በወቅቱ የሰጠኋት መልስ ምን እንደነበር ዘንግቼዋለሁ። ጥያቄዋ ግን አልተዘነጋኝም። ዛሬ ሰው ሁሉ ስለ ስልክ፣ ስለ መታወቂያ፣ ስለ ሶፍትዌርና ስለ ግል መረጃ ሲከራከር ስሰማ የእናቴ ድምፅ በጆሮዬ ያቃጭላል።

ነገሬን ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

በ1972 ዓ.ም. የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በሰፈራችን ፊደል የለየው ሰው በጣት የሚቆጠር ስለ ነበረ፣ የደብዳቤ አንባቢነትና ጸሐፊነት ሥልጣን ገና በአሥራ ሁለት ዓመቴ እጄ ገባ። ሥልጣን ማለቴ በከንቱ አይደለም። ከአሰብ በኮምቦልቻ በኩል የሚያልፉ የጭነት መኪና ሾፌሮች በኪሳቸው ደብዳቤ ይዘው ይመጣሉ፤ ደብዳቤውም ተጣጥፎ፣ በላብ ረጥቦ፣ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ይደርሳል። ባለቤቲቱ ነጠላዋን አስተካክላ ትመጣለች፣ እኔ በበርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፣ ትልልቅ ሰዎች አፍ አፌን ያዩኛል። በመጨረሻም የተቆላ ሽምብራ ወይም አሥር ሳንቲም አገኛለሁ። ከሽምብራው ይልቅ የሚጥመኝ ግን ማወቁ ነበር። የሰፈሩን ምስጢር ሁሉ የያዝኩ ያህል ይሰማኝ ነበር። በዕድሜዬ ያልተሰጠኝን ክብር ደብዳቤዎቹ ሰጡኝ።

ቤታቸው ከቤታችን በአጥር ብቻ የሚለይ አንዲት ጎረቤት ነበሩን፤ እኔ እትዬ ነበር የምላቸው፣ አሁንም እንዲሁ ነው የምጠራቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው ከአጎቷ ጋር ለሥራ አሰብ ወርዳ ነበር። ከመሄዷ በፊት ለአንድ የደህና ሰው ልጅ ታጭታለች፤ ሠርጉ በመጪው ጥር እንዲሆን ተቆርጧል። አንድ ቀን የእርሷ ደብዳቤ መጣ። እንደ ልማዱ ከጤና ይስጥልኝ ጀምሮ፣ ዘመድ አዝማዱን በየስሙ እየጠራ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ሳንባዋን ታምማ ሆስፒታል እንደ ገባች፣ መድኃኒት እንደ ጀመረች፣ ሐኪሞቹም ትድኛለሽ እንዳሏት ይናገራል። እትዬ ሲያለቅሱ አየሁ። «ልጄ፣ ይህ ከዚህ ቤት አይውጣ» አሉኝ። እሺ አልኩ።

በማግስቱ ውሃ ልቀዳ ስወርድ ለአንድ ጓደኛዬ ነገርኩት። ለምን እንደ ነገርኩት ዛሬም በትክክል አላውቀውም። ክፋት አልነበረብኝም። የማውቀውን አንድ ከባድ ነገር ብቻዬን ይዤ መዋል አቃተኝ መሰለኝ፤ ወይም ማወቄ እንዲታወቅልኝ ፈለግሁ። ጓደኛዬ ለእናቱ ነገራት። የገበያው ቀን ሳይደርስ ወሬው ከእጮኛው ቤት ደረሰ። ሽማግሌዎች መጡ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፈጣሪ ይማራት ብለው፣ የታጨችበትን ቀለበትና ጥሎሽ ወሰዱ። ልጅቷ እንደ ተባለውም ዳነች። ዳግመኛ ግን ካራቆሬ ተመልሳ አልኖረችም። በ1983 ዓ.ም. ብዙ ኢትዮጵያውያን ከአሰብ ሲፈናቀሉ እርሷም ወጥታ፣ እናቷን ለአንድ ሳምንት አይታ፣ ወደ ጅቡቲ ተሻገረች።

እትዬ አልተቆጡኝም። ለእናቴም አልነገሩብኝም። ያደረጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዚያን ጊዜ ከተማችንን አዳርሶ ነበርና፣ ቀድሞ ሥራ አለብኝ እያሉ ይሸሹት ወደ ነበረው የማታ ትምህርት በቀበሌው አዳራሽ መሄድ ጀመሩ። ከታዳጊዎች ጋር ተቀምጠው ሀ ሁ አሉ። በዓመቱ ግድም በቀስታ፣ ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያሳለፉ ማንበብ ቻሉ። ስለ ዘመቻው ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ምርት ዕድገት፣ ስለ ንቃት፣ ከዩኔስኮ ስለ ተገኘው ሽልማት። እትዬ የተማሩበትን ምክንያት ግን በየትኛውም ሪፖርት አላየሁትም። እርሳቸው የተማሩት ደብዳቤያቸውን ሌላ ሰው እንዳያነብባቸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ለአርባ አምስት ዓመታት ያህል አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንኳ አንብብልኝ ብለውኝ አያውቁም።

* * *

በትምህርት ቤታችን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የማይነሣ ነገር የለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከደመወዝና ከዘይት ዋጋ ቀጥሎ የሚያከራክረን ጉዳይ ይኸው የስልክና የግል ምስጢር ነገር ሆኗል። አንድ የፊዚክስ መምህር ባልደረባዬ አቋሙ ግልጽ ነው። «የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?» ይላል። ሁለተኛም መከራከሪያ አለው፤ ይኸውም ግላዊነት የሚባለው ነገር የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛ አጥር ተጋርተን፣ ቡና ተጠራርተን፣ ለቅሶ አብረን ተቀምጠን የኖርን ሕዝብ ነን፣ የእኛ ሰው ከጎረቤቱ የሚሸሽገው ነገር መቼ ነበረው ይላል።

ይህን ሲል ሁልጊዜ እትዬ ትዝ ይሉኛል።

ግላዊነት የሚለው ቃል በእርግጥ አዲስ ነው፤ ከሕግና ከቴክኖሎጂ ሰዎች ዘንድ የመጣ ቃል ነው። ገመና ግን አዲስ አይደለም። ገመና የቤት ውስጥ ነገር ነው፤ ጥፋት ላይሆን ይችላል፣ ድህነት ሊሆን ይችላል፣ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ የልጅ አመል ሊሆን ይችላል። ገመናን የሸፈነ ይመሰገናል፣ ገመናን ያወጣ ይወቀሳል። ቋንቋው ይህን ያህል ጠንካራ ቃል ያበጀለትን ነገር ሕዝቡ አያውቀውም ማለት ከቶ አይቻልም። አጥር መጋራታችን እውነት ነው። በአጥሩ ቀዳዳ አሾልቆ ማየት ነውር መሆኑም እንዲሁ እውነት ነው።

በሕግም ቢሆን ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ፣ ሕግ ከሚፈቅደው በስተቀር ማንም የኢትዮጵያን ተወላጅ የደብዳቤ ምስጢር መግለጥ እንደማይችል ደንግጎ ነበር። በዚያ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ስንት ነበር? የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የመልእክት ልውውጥ አዋጅ ከተነገረበት የአስቸኳይ ጊዜ በስተቀር እንዳይመረመር ከለከለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም እንዲሁ በ26ኛው አንቀጽ ቤትን፣ ደብዳቤን፣ ስልክንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገውን ግንኙነት ሁሉ ጥበቃ ሰጥቶታል። የቁጥሩ መገጣጠም ያጋጣሚ ነገር ነው፤ እኔን ግን ደስ ይለኛል። ጽሑፍና ተግባር ምን ያህል ተራርቀው እንደ ኖሩ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ባልደረባዬ ሞኝ ሰው አይደለምና ዝም ብሎ አይረታም። በ2008 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ፈተናው ሳይሰጥ በማኅበራዊ መገናኛ ተሠራጭቶ የሀገሪቱ ተማሪ ሁሉ በድጋሚ የተፈተነበትን ጊዜ ያነሣል። ተማሪዎቻችን ሲያለቅሱ አብረን አይተናል። ፈተናው በድጋሚ ሲሰጥ ፌስቡክና የመሳሰሉት ተዘጉ፤ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ወር ደግሞ በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔቱ ጭራሽ ተቋረጠ። «ታዲያ ምን ይደረግ?» ይላል። እኔም መልሱ ቀላል ነው አልለውም። ሆኖም ሌባ በመንገድ አለፈ ተብሎ መንገዱን ሁሉ መቆፈር፣ ሐኪም ቤት የሚሄደውንም ማስቀረት መሆኑን እነግረዋለሁ።

ከዚህም የከፋ አለ። አጣዬ በተቃጠለችበት በ2013 ዓ.ም. የሟቾች ፎቶግራፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሰነበተ። አንድ የማውቀው ሰው የወንድሙን ሞት ያወቀው ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ከአጠገቡ የነበረ ሰው ባሳየው ምስል ነው። አርጂ አላስነሣውም፣ ሽማግሌ አላረዳውም፣ አጽናኝ አልነበረው። ያን ምስል ያስተላለፈው መንግሥት አይደለም፣ ኩባንያም አይደለም። እኛው ነን። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ያደረግሁትን ነው ያደረጉት።

* * *

ባለፈው ዓመት የስልኬ መስታወት ተሰንጥቆ ወደ አንድ የስልክ መጠገኛ ሱቅ ገባሁ። ሱቁ በየትኛውም ትንሽ ከተማ እንደሚገኘው ያለ ነው፤ ቻርጀር የተንጠለጠለበት፣ ዘፈን በሚሞሪ የሚጫንበት፣ ካርድ የሚሸጥበት። ጠጋኙ ወጣት ትሑት ነው፤ ሥራውንም ያውቃል። እኔ ተራዬን ስጠብቅ አንዲት የገጠር ሴት ገብታ፣ ዐረብ ሀገር ካለች እኅቷ ጋር የምትነጋገርበት ኢሞ እንደ ጠፋባት ነገረችው። ወጣቱ ከመሳቢያው አንድ ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል ደብተር አወጣ፤ ገለጥ ገለጥ አደረገና ጣቱን በአንድ መስመር ላይ አሳርፎ የይለፍ ቃሏን አስገባላት። ሴትዮዋ አመስግና ከፍላ ሄደች።

ደብተሩ ተከፍቶ ቀርቶ ነበርና አየሁት። ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የይለፍ ቃል፣ ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የይለፍ ቃል። ከገጽ ገጽ ይቀጥላል። የተማሪዎቼ ወላጆች ስም አለ። የአንድ ሼኽ ስም አለ። ወጣቱ ነገሩ እንዳስደነገጠኝ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይረሱታል እኮ። እኔ ካልያዝኩላቸው ማን ይይዝላቸዋል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ክፋት የለበትም። የተቆላ ሽምብራውን ይበላል፣ ደብዳቤ ያነባል። እኔ ነኝ በዚያ ባንኮኒ ጀርባ የቆምኩት።

ከዚህ ላይ ሶፍትዌሩን ስለሚሠሩት ሰዎች አንድ ነገር ልናገር። ፊደላችን ወደ ኮምፒዩተር እንዲገባ ብዙ ሰዎች ደክመዋል፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም የግዕዝን ፊደል በዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ ውስጥ ካስቀመጠው ወዲህ ከካራቆሬ ቤይሩት በሀ ሁ መጻጻፍ ተችሏል። ይህ ቀላል ድል አይደለም። ነገር ግን ሰዉ አንድ አዲስ ነገር በስልኩ ላይ በጫነ ቁጥር የሚቀርብለት የውል ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ርዝመቱ የአንድ መጽሐፍ ምዕራፍ ያህላል። ከሥሩ «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ አለ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኩ ሰው አንድም ቀን እስከ መጨረሻው አንብቤው አላውቅም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1728ኛው አንቀጽ ላይ ማየት ወይም ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ያሳረፈው የጣት ምልክት፣ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በስተቀር እንደማያስገድደው ይናገራል። ሕግ አውጪው አስቦበታል። ያልተነበበለት ሰው ጣቱን ስላሳረፈ ብቻ አይያዝም ማለት ነው። ዛሬ ግን በዚያው ጣት መስታወት እንነካለን፤ አዋዋይም መዝጋቢም ዳኛም የለም። ስማችንን፣ ያለንበትን ቦታ፣ የወዳጆቻችንን ስልክ ቁጥር ሁሉ አሳልፈን እንሰጣለን። በዚህ ረገድ ምሁሩና ያልተማረው እኩል ሆነዋል፤ እኩልነቱ ግን የሚያስደስት ዓይነት አይደለም።

ከሀገር ውጪ የሚኖረውም ወገናችን ከዚህ አላመለጠም። በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ የሚኖር፣ ፍርድ ቤቱ ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም እንዲጠራ የፈቀደለት አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በ2014 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን መንግሥት ከሷል። ክሱ እንደሚለው፣ በኢሜይል በደረሰው ሰነድ ውስጥ ተሸሽጎ የገባ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ከ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለወራት በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ የስካይፕ ንግግሩን፣ የቤተሰቡን ኢሜይልና ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ ያደረገውን ፍለጋ ሳይቀር ቀድቷል። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወር ጉዳዩን ሳይሰማ ዘጋው። ምክንያቱም ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም፣ ስለዚህ የውጭ መንግሥት የመከሰስ ከለላ አይነሣም የሚል ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ሰላዩ በአካል መጥቶ መስኮት ሰብሮ ቢገባ ኖሮ ይከሰስ ነበር፤ በሽቦ ስለ መጣ ግን የት እንደ ቆመ የሚነግር አልተገኘም። እኔን የያዘኝ የልጁ የትምህርት ቤት ሥራ ነው። ልጁ ምን አደረገ? አባቱ የሚፈለግ ሰው በመሆኑ የእርሱም ደብተር ተገለጠ።

በእነዚያው ዓመታት በሀገር ቤት፣ በ2006 ዓ.ም. በታሠሩት የዞን ዘጠኝ ጸሐፊዎች ክስ ውስጥ የመልእክትን ምስጢር የሚጠብቅ ሶፍትዌር አጠቃቀም ሥልጠና መውሰዳቸው ከጥፋታቸው ጋር ተቆጥሮ ነበር። አንዳንዶቹ ክሳቸው ተነሥቶ ወጡ፤ የቀሩት በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከሽብር ክስ ነፃ ተባሉ። ይህን ሳነብ እትዬን በቀበሌው አዳራሽ ከልጆች ጋር ተቀምጠው አየኋቸው። ደብዳቤውን ለራሱ ብቻ ሊያነብ የሚማር ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ከሆነ፣ የእርሳቸው የሀ ሁ ደብተርም ማስረጃ ሊሆን ነው።

* * *

እትዬ ዛሬ ሰማንያን ተሻግረዋል። ልጃቸው በጅቡቲ ትኖራለች፤ የልጅ ልጃቸው ቤይሩት ሠራተኛ ናት። የልጅ ልጂቱ በየሳምንቱ ድምፅዋን ቀርጻ በኢሞ ትልክላቸዋለች፤ እርሳቸውም ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ያዳምጣሉ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲታወጅ የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ዘለቀ። በእነዚያ ወራት ጠዋት ጠዋት አጥሩ ዘንድ መጥተው «አልመጣም?» ይሉኝ ነበር። ገና ነው እላቸዋለሁ። እንደ ቀድሞው የደብዳቤ ሾፌር እንኳ የለም።

የፋይዳ መታወቂያ መዝጋቢዎች ወደ እኛ በመጡ ጊዜ እኔ ነኝ የወሰድኳቸው። የዲጂታል መታወቂያው በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመ ነው፤ ባንኩም ሌላውም እየጠየቀው ስለ መጣ ማንም ሊቀር አይወድም፤ እርሳቸውም ከልጃቸው የሚላክላቸውን ገንዘብ ለመቀበል ያስፈልጋቸዋል። ስም፣ የልደት ዘመን፣ አድራሻ ይመዘገባል፤ የዓሥሩ ጣት አሻራ፣ የሁለቱ ዓይን ብሌንና ፊት ይነሣል። የልደት ዘመናቸውን ሲጠየቁ ምድር ከመንቀጥቀጧ በፊት መሆኑን ነው የተናገሩት። መዝጋቢዋ ልጅ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ቁጥሩን እኔ አሰላሁላት።

የጣት አሻራው ላይ ግን ሥራው ቆመ። መሣሪያው የእትዬን ጣት አላነበበውም። ልጅቷ በመሐረብ ጠረገችላቸው፣ አጠበችላቸው፣ እንደ ገና ሞከረች። የስድሳ ዓመት ወፍጮ፣ እንዝርትና አመድ መስመሩን አጥፍቶታል። እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ሲያዩት ቆዩና፣ «ይኸን ማን ያነበዋል?» አሉ።

ልጅቷ መሣሪያው ስላላነበበው የሚጨነቁ መስሏት፣ «አይሥጉ እማማ፣ በዓይንዎ ይመዘገባሉ» አለቻቸው። እኔ ግን የጠየቁት ያን እንዳልሆነ ዐወቅሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። የመታወቂያው ሥርዓት የቆመበት ሞሲፕ የተባለው ሶፍትዌር በሕንድ ሀገር ባንጋሎር ከሚገኝ ተቋም የመነጨ፣ አሠራሩ ለሁሉም የተገለጠ እንደሆነ፣ ማንኛውም ባለሙያ ስሕተት ቢያገኝበት ሊናገር እንደሚችል ነገርኳቸው። ይህ የመሣሪያው አሠራር ይገለጣል ማለት እንጂ የእርሳቸው ጣት ለሁሉ ይገለጣል ማለት እንዳልሆነም አስረዳሁ። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን ለመጠበቅ መውጣቱን፣ የጣት አሻራና የጤና ነገር ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት እንደሚቆጠሩ፣ መረጃ ለምን እንደሚሰበሰብ ለባለቤቱ መነገር እንዳለበት፣ ለዚያ ከተባለውም ውጪ እንዳይውል፣ ይህንንም የሚቆጣጠር ባለሥልጣን እንዳለ ነገርኳቸው። አዋጁን ሳነበው በመልካም አማርኛ የተጻፈ የእናቴ ጥያቄ ነው የመሰለኝ፤ ያወቁትንስ ምን አደረጉት።

እትዬ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያም፣ «የሚያነበው ሰው ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎን እትዬ፣ በመጨረሻው ሰው ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ያው ነው» አሉና ከዘራቸውን ይዘው ቀደሙኝ።

ስለ ምን ያው ነው እንዳሉ አልጠየቅኋቸውም። ስለዚያ ጊዜ በመካከላችን አንድ ቃል ተነግሮ አያውቅም። ብዙ ጊዜ ልጠይቃቸው፣ ልክሳቸው፣ ይቅር ይበሉኝ ልላቸው አስቤ፣ እርሳቸው ሸፍነው የያዙትን እኔ እንደ ገና መግለጥ እየመሰለኝ ተውኩት። ምናልባት ይህም ፍርሃት ነው። አሁን ስጽፈውም ስማቸውን አለመጥራቴ፣ የልጃቸውን ስም አለመጥራቴ ያንኑ ጥፋት ላለመድገም ነው፤ ካራቆሬ ትንሽ ከተማ ብትሆንም እንደ እርሳቸው ያሉ እናቶች ብዙ አሏት። ይህንንም ጽሑፍ ከመላኬ በፊት አጥሩ ዘንድ ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሌ ነገርኳቸው። የጤፉን እንክርዳድ እየለቀሙ ሰሙኝ። «የሷን ስም አትጻፍ» ብቻ አሉኝ።

ከምዝገባው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አንድ ማለዳ በአጥሩ ተጣሩኝ። ሄድኩ። ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘዋል። መልእክት ገብቶላቸዋል፤ የመታወቂያው ቁጥር መሆን አለበት። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ የስልኩ ፊደል ደግሞ እንደ ሰናፍጭ የደቀቀ ነው። የልጅ ልጃቸው የላከችላቸው መነጽርም ለዚህ አላገዛቸውም። ግራ ቀኝ አይተው ስልኩን በእጄ አስቀመጡት።

በርጩማ አምጥቼ ተቀመጥኩ። አሥራ ሁለት አሐዝ ነው።

«ዝቅ አድርገህ» አሉኝ።

ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ አንድ በአንድ አነበብኩላቸው።